«የጠፋ» የሚለው ቃል ለሁሉም ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ «አሁን የሌለን ነገር ሁሉ፣ እንስሳም ሆነ ድርጅት ወይም አገር፣ ‹የጠፋ› ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው?» ብለህ ጠይቀሃል። ሰነድ በማረም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልበልህ።

«ጠፋ» ብቻውን ሲቆም አለመኖርን ሳይሆን አለመገኘትን ነው የሚናገረው። ቁልፍ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ወዳጅህም «ምነው ጠፋህ!» ይልሃል። ሁሉም ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ለእንስሳ «ዘሩ ጠፋ» የምንለው ለዚህ ነው። የሞሪሸሷ ዶዶ ዘሯ ጠፍቷል። አቦሸማኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ከህንድ መጥፋቱ ቢነገርም ዘሩ አልጠፋም፤ አፍሪካ ውስጥ ዛሬም አለ። «ከህንድ» የሚለውን ቃል ብታወጣው ዜናው ውሸት ይሆናል።

ወደ ድርጅት ስትመጣ ቃሉ ጣጣ ያመጣል። ለእርማት የመጣልኝ አንድ ማስታወቂያ «ማኅበሩ ስለጠፋ ገንዘብ ጠያቂዎች በአስቸኳይ እንዲቀርቡ» ይላል። ያየው ሁሉ ሰዎቹ ብር ይዘው የተሰወሩ ነው የመሰለው! ማኅበሩ ግን በአባላቱ ውሳኔ የተዘጋ፣ ሒሳቡም በመጣራት ላይ ያለ ነበር። እዚህ ቦታ «ፈረሰ» ነው የሚባለው። የንግድ ሕጉም (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ስለ «መፍረስ» ነው የሚናገረው። ከሌላ ጋር ተዋህዶ ስሙ ብቻ ከቀረ ደግሞ «ከሰመ» ይባላል፤ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት «ኢሕአዴግ ከሰመ» ሲባል እንደሰነበተው። ሕግ ከሆነ ይሻራል፣ በቃ።

ለአገርና ለአስተዳደር አካባቢ «የቀድሞ» ይበቃል፦ የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ፣ የቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር። ለሰው ስትጠቀምበት ግን ከሥልጣኑ ወረደ ማለት ነው እንጂ ሞተ ማለት አይደለም። የሞተውን «ሟቹ» ወይም «ነፍሳቸውን ይማርና» ብለህ ለይ።

ቋንቋ ትንሽ ያከራክራል። በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ተናጋሪ ስለሌለው «የጠፋ ቋንቋ» ብትለው ማንም አይቃወምህም። ግዕዝን እንዲሁ ብትል ግን የቅኔ መምህራን አይምሩህም፣ እውነታቸውንም ነው። አፍ መፍቻው ያደረገ ሰው ባይኖርም ይቀደስበታል፣ ቅኔ ይዘረፍበታል። እኔ «ከዕለት ተዕለት ንግግር የወጣ» እላለሁ፤ ረዘም ቢልም ልክ ነው።

«ነባር»ንም ተጠንቀቅ። ከ«ነበረ» ስለመጣ ያለፈ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ነባር ሠራተኛ ግን ከድሮ ጀምሮ ያለ፣ ዛሬም ደመወዝ የሚበላ ነው፤ ሥራ የለቀቀውን «የቀድሞ ሠራተኛ» በለው።