እማዬን አዲሱ ማሽን እስኪመጣ ላቆያት?

ሰላም ዶክተር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እናቴ የዛሬ 3 ዓመት የጡት ካንሰር ታክማ ደህና ነበረች፣ አሁን ወገቧን ሲያማት አጥንት ስካን ታዘዘላት። ጎረቤቴ ግን «የድሮው ማሽን ምንም አያሳይም፣ ከሲቲ ጋር ያለው አዲሱ ሊመጣ ነው ጠብቁ» አለችኝ። ልጠብቅ? ደሞ ከመርፌው በኋላ 3 ሰዓት ያህል ቆዩ ስለተባልን ቤት ደርሰን ብንመለስስ? የ2 ዓመት ልጅም አለችኝ፣ ጨረሩ ያስፈራኛል።

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ግማሹን ልክ ናት፣ ግን አትጠብቂ። መርፌው ውስጥ ያለው፣ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር፣ አጥንት በብዛት እየተሠራ ወይ እየተጠገነ ያለበት ቦታ ሄዶ ይለጠፋል፣ ፎቶው ላይ እዛ ጋ ይጠቁራል፣ ይሄን የድሮውም ጋማ ካሜራ በደንብ ያያል። ችግሩ ካንሰርም ስብራትም በዕድሜ የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላትም ሁሉም ይጠቁራሉ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጀሪካን የተሸከመች እናት ወገብ ደሞ ባይጠቁር ነው የሚገርመኝ። አዲሱ፣ ስፔክት ሲቲ የሚሉት፣ ዙሪያዋን ዞሮ ያነሳውን ሲቲው ላይ ስለሚደርበው ጥቁሯ ነጥብ መገጣጠሚያው ላይ ትሁን አጥንቱ ውስጥ ይለያል። በድሮውም ቢሆን የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ያንን ቦታ ብቻ ሲቲ ወይ ኤምአርአይ ማንሳት ይቻላል። ከዛም የረቀቁ አሉ፣ ጨረሩን መጀመሪያ ወደ ብርሃን ሳይቀይሩ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይሩት ተኝታ የምትቆይበትን ጊዜ ያሳጥራሉ፤ 3 ሰዓቷን ግን አያሳጥሯትም፣ የሚጠበቀው አጥንቷ ላይ ያልተለጠፈው መድኃኒት ከደሟ ወጥቶ በሽንት እስኪወርድ ነዋ።

በቃሊቲ መንገድ ሄዶ መመለሱን ተይው። ኩላሊት ወይ ልብ ካላመማት ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ፎቶ ልትነሳ ስትል ትሽና፣ ፊኛዋ ከሞላ የዳሌዋን አጥንት ይሸፍናል። ከቤት ሳትወጡ ደሞ ደውለሽ መድኃኒቱ መኖሩን ጠይቂ፣ ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚወጣበት ሞሊብዴነምም በ66 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል፣ ስለዚህ ተገዝቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ ጭነቱ ከዘገየ የፈለገው ማሽን ቢተከል ዝም ብሎ ይቆማል።

ለልጅሽ ያን ዕለት አያቷ አቅፋት አትደር፣ በማግስቱ ከጨረሩ ከ16 አንድ እጁ እንኳን አይቀርም።

አንድ ነገር ግን፦ እግሯ ከደከመ ወይ ከደነዘዘ፣ ሽንት ካመለጣት ወይ እምቢ ካላት፣ የስካኑን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።