ዲያቆን በቄስ ላይ ይሾማልን? ስለ ካንተርበሪ ሊቀ ዲያቆን የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ሀገረ ስብከት፣ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተውሰን እንቀድሳለን። መጋረጃችንን በቋሚነት ለመስቀል ብንጠይቅ የደብሩ ቄስ «የሊቀ ዲያቆኑን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ» አሉን። ቄስ ከዲያቆን ፈቃድ እንዴት ይለምናል? ሥርዓታቸው የተገለበጠ ነው ብዬ በጉባኤ ተናግሬአለሁ፤ ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ በጉባኤ የተናገርከው ግን የችኮላ ነው። ሦስቱን የክህነት መዓርጋት ታውቃለህና አልደግማቸውም። ደጋግሜ የሚገጥመኝ ስሕተት ግን መዓርገ ክህነትንና የአስተዳደር ሹመትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በእኛም ዘንድ «መልአከ ሰላም» ወይም «ሊቀ ጠበብት» የተባለ ሁሉ ከቅስና በላይ ሌላ ክህነት የተቀበለ የሚመስላቸው ምእመናን ጥቂት አይደሉም።

ሊቀ ዲያቆንነትም እንዲህ ያለ የአስተዳደር ሹመት ነው፤ ሥሩም አንተ ራስህ የምታከብረው ነው። ሐዋርያት ለቃሉና ለጸሎት እንዲተጉ የማዕዱን አገልግሎት ለሰባቱ ሰጡ (ሐዋ. 6፥2-4)፤ እኛም ጥቅምት 17 ቀን ሢመቱን የምናከብርለትን ቅዱስ እስጢፋኖስን ሊቀ ዲያቆናት እንለዋለን። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብና የድሆቹ መዝገብ በዲያቆናት እጅ ስለነበረ፣ አለቃቸው ቀስ በቀስ የጳጳሱ ቀኝ እጅ ሆነ። በምዕራቡ ዓለም «የጳጳሱ ዓይን» የሚል ቅጽል የወጣለትም በዚህ ምክንያት ነው።

በእንግሊዝ ሹመቱ የተስፋፋው ኖርማኖች አገሪቱን በ1066 ከያዙ በኋላ ነው (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከ1070 ጀምሮ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ላንፍራንክ ጳጳሳቱ ሊቃነ ዲያቆናትን እንዲሾሙ አደረገ፤ በተከታዩ መቶ ዓመትም አህጉረ ስብከቱ ተከፋፍለው እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ሊቀ ዲያቆን ሥር ዋለ። ሊቀ ዲያቆኑ አድባራቱን ይጎበኛል፣ ቀሳውስቱን ይቆጣጠራል፣ የራሱ ችሎትም ነበረው። በብዙ ስፍራ የሟች ኑዛዜ እንኳ በዚህ ችሎት ይጸድቅ ነበር፤ ይህ ሥልጣን ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት የተላለፈው በ1858 ነው። ችሎት ባለበት መቀጫና መዋጮ አለና ሹመቱ በገንዘብ ወዳድነት ክፉኛ ታምቶ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት «ሊቀ ዲያቆን ይድን ይሆን?» የሚል ጥያቄ በሊቃውንቱ መካከል እንደ ቀልድ ይነሣ ነበር፤ እንደ ቀልድም ቢሆን ለማንኛችንም ባለ ሹመት የሚያስደነግጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ዲያቆን ሆኖ ቀሳውስትን ያስተዳደረ ሰው በእርግጥ ነበረ። ቶማስ ቤኬት በ1154 የካንተርበሪ ሊቀ ዲያቆን ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ለንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊ እንደ እኛ ጸሐፌ ትእዛዝ ያለ ሹመት ያዘ። በዚህ ሁሉ ዘመን መዓርጉ ዲቁና ብቻ ነበር። ለሊቀ ጵጵስና ሲመረጥ በአውሮፓውያኑ ጁን 2 ቀን 1162 ቅስና ተቀበለ፣ በማግሥቱም ጵጵስና ተሾመ። እስቲ ልብ በል፤ በቀሳውስቱ ላይ ይፈርድ የነበረው ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ቅዳሴ እንኳ ሊቀድስ አይችልም ነበር። ሥልጣኑ ከጳጳሱ የተወከለለት አስተዳደር እንጂ ከዲቁናው የመነጨ አልነበረምና ቅስና በዲቁና አልተገዛም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ጳጳስ ከእስክንድርያ ይመጣልን በነበረበት ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ በካህናቱና በገዳማቱ አስተዳደር ላይ ታላቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ ሆኖም አንድ ዲያቆን እንኳ መሾም አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ ሥርዓታችን ተገልብጦ ነበር ትላለህን?

ዛሬማ የአንተ ጥርጣሬ በራሱ የሚፈታ ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ስድስት ዓመት በክህነት ያልቆየና ቅስና ያልተቀበለ ሰው ለሊቀ ዲያቆንነት አይሾምም፤ የቀረው የጥንቱ ስም ብቻ ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ዲያቆን ደግሞ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ አለው፤ በካንተርበሪ ሥር ያሉትን አዳዲስ ጳጳሳት በመንበራቸው የሚያስቀምጠው እርሱ ወይም ወኪሉ ነው። ጳጳስን በመንበር ስላስቀመጠ ከጳጳስ በለጠ የሚል እንደሌለ ሁሉ፣ ቄስም ፈቃድ ስለጠየቀው ክህነቱ አልተዋረደም። ጌታ «ከእናንተ ማንም ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋያችሁ ይሁን» ያለው (ማር. 10፥43) በመዓርግ ሲሽቀዳደሙ ለነበሩ ለገዛ ደቀ መዛሙርቱ ነው፤ እኛም ማን ከማን ይበልጣል እያልን የሌላውን ቤት ስንለካ ቃሉ ወደ እኛ ይመለሳል።

ስለ መጋረጃው፣ የሕንፃው ይዞታ በአደራ የተሰጠ ስለሆነ ደብሩ ብቻውን አይወስንም። አነስተኛ ሥራ ከሆነ ሊቀ ዲያቆኑ በጽሑፍ ሊፈቅድ ይችላል፤ ከፍ ያለው ለሀገረ ስብከቱ የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ይቀርባል። ስለዚህ መጋረጃው የት እንደሚሰቀል፣ ግድግዳው ይበሳ ወይም አይበሳ እንደሆነ ገልጻችሁ፣ ከሥዕል ጋር በደብሩ ቄስ በኩል ጻፉ። በጉባኤ የተናገርከውንም በዚያው ጉባኤ ፊት ቆመህ አርመው።