የብጉር መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ አብረው ይወሰዳሉ?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። አገጬ ላይ ለሚወጣው ብጉር የቆዳ ሐኪም ስፓይሮኖላክቶን 50 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ። የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ። አብሬ ብወስደው ይጎዳኛል?

መልስ፦ አብረው ይወሰዳሉ፤ እንዲያውም መከላከያው የግድ ያስፈልግዎታል። ስፓይሮኖላክቶን የወንዴ ሆርሞንን ሥራ ስለሚያግድ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የወንድ ፅንስን የብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። የወር አበባንም ያዛባል፤ ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ግን ይህን ያስተካክላል።

የክኒንዎን ማሸጊያ ይመልከቱ። ድሮስፒረኖን የሚል ካለበት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ድሮስፒረኖን በአንዳንድ የመከላከያ ክኒኖች ውስጥ ያለ ሆርሞን ሲሆን፣ እንደ ስፓይሮኖላክቶን ሁሉ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን በደም ውስጥ ያስቀራል፤ 3 ሚሊ ግራሙ ወደ 25 ሚሊ ግራም ስፓይሮኖላክቶን ይጠጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። የደም ግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪልን ወይም የባክቴሪያ መድኃኒት የሆነውን ኮትሪሞክሳዞልን ከመጨመርዎ በፊትም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ፖታሲየሙ ከልክ ካለፈ የልብ ምትን ያውካል።

የድሬ ሙቀት በቀላሉ አይታይም። መድኃኒቱ ሽንት ያበዛል፤ ላብ ሲታከልበት ያዞራል። ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰዱት፤ ውሃ ከእጅዎ አይለይ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት ስፓይሮኖላክቶኑን ለጊዜው አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መከላከያውም ያኔ ሊደክም ስለሚችል ኮንዶም ይጨምሩ።

ለውጡ 3 ወር ያህል ይፈጃልና ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። የወር አበባዎ ከቀረ ግን ስፓይሮኖላክቶኑን አቁመው በዚያው ቀን የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ።