ሞገዱ ተንሳፋፊው ጋ ሳይደርስ ይሞትብኛል ላሉት ጠያቂ

ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የቀረበውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ጠያቂው ሐይቅ ላይ ተንሳፍፎ የመስኖ ፓምፕ የሚሸከም መድረክ በኦፕንፎም (የፈሳሽን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስልቶ በሚያስመስል ፕሮግራም) እየሞከሩ ሁለት ችግር ገጥሟቸዋል፤ በመግቢያው በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ ቢያስገቡም መድረኩ ጋ ሲደርስ ኮስሶ ይገኛል፣ መድረኩን እንዲንቀሳቀስ ሲለቁት ደግሞ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ፕሮግራሙ ይቆማል። እኔም የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን የሠራሁት ከዚሁ በማይለይ ርእስ ላይ፣ በዚያው ከደሴ በስተሰሜን ባለው ሐይቃችን ላይ ስለነበር የእርስዎም ነገር ከእኔው ጋር አንድ ነው ብዬ እነሣለሁ። የፕሮግራሙን አጫጫንና አከፋፈት ትቼ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

1. ከሁሉ አስቀድመው መድረኩን አውጥተው ባዶውን የሲሙሌሽን ገንዳ (ውሃውና ሞገዱ ብቻ ያሉበትን) ያስኪዱ። ይህን ምክር ከቁጥር አንድ ላይ ያስቀመጥሁት አንድ ዓመት ያስከፈለኝ ስለሆነ ነው። እኔ ሥራውን የጀመርሁት ከመድረኩ ነበር፤ ገንዳውን 50 ሜትር አድርጌ፣ መድረኩን መሀል ላይ አስቀምጬ፣ ሞገዱን ለቅቄ ውጤቱን በፓራቪው (ውጤቱን በሥዕል በሚያሳየው ፕሮግራም) ስመለከተው እጅግ ያምር ነበር። መድረኩ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። «መድረኩ በሐይቁ ሞገድ ብዙም አይናወጥም፤ ስለዚህ የፓምፑ ቧንቧ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ አያስፈልገውም» ብዬ በመደምደሚያዬ ላይ በድፍረት ጻፍሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በተከላከልሁበት ቀን የውጭ ፈታኙ ሌላውን ሁሉ አለፉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «መድረኩ ባይኖር ኖሮ በዚያ ቦታ ላይ የሞገዱ ከፍታ ስንት ይሆን ነበር?» መልስ አልነበረኝም። 30 ሴንቲ ሜትር ነው አልሁ፤ ማስረጃውን አሳየኝ አሉ፤ የማሳየው አልነበረኝም። ጽሑፉ ተመለሰ። ቤቴ ገብቼ ባዶውን ገንዳ ሳስኬደው መሀል ላይ የደረሰው ሞገድ 17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የኔ መድረክ የተረጋጋው በአሠራሩ ሳይሆን ሞገዱ በመንገድ ላይ ስለሞተ ነበር። ፈታኙን ያን ቀን አዝኜባቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ባገኛቸው ቡና አፍልቼ ነው የምቀበላቸው።

ሞገዱን የገደሉት ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ የእርስዎንም የሚገድሉት እነዚሁ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ኢንተርፎም (ውሃና አየርን አብሮ የሚያሰላው የኦፕንፎም ክፍል) የውሃውንና የአየሩን ድንበር የሚያውቀው እያንዳንዱ ሴል (ገንዳው የሚከፋፈልበት ትንሽ ሳጥን) ምን ያህሉ በውሃ እንደተሞላ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር በመያዝ ነው። ሴሉ ትልቅ ሲሆን ድንበሩ እንደ ተበጠበጠ አብሽ ይደበዝዛል፣ የሞገዱም ጉልበት አብሮ ይበላል። የእኔ ሴል ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ጠቅላላው የሞገድ ከፍታ የተቀመጠው በ5 ሴል ላይ ብቻ ነበር። ቢያንስ 20 ሴል ያስፈልጋል፤ ይኸውም ለእርስዎ ሞገድ 1.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በርዝመት በኩል ደግሞ ጥልቅ ውሃ ላይ የሞገዱ ርዝመት በሜትር 1.56 በፔሬዱ (ከአንድ ሞገድ እስከ ቀጣዩ ባለው ሰከንድ) ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ዳር ምልክት ያሠርሁበትን ዘንግ ተክዬ በስልኬ ቀርጬ እንደለካሁት 2 ሰከንድ ከሆነ፣ ርዝመቱ 6.24 ሜትር ይሆናል፤ ይህንንም ለ100 ሴል ያህል ይከፋፍሉት። ይህ ጥግግት የሚያስፈልገው ከውሃው ወለል በላይና በታች ባለው ጠባብ ንብርብር ብቻ ነው፤ ከታች ያለው ውሃ በሰፋፊ ሴል ቢያዝ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ገዳይ የጊዜ እርምጃው፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጊዜን ቆራርጦ የሚያሰላበት ቁራጭ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ምሳሌዎች ብዙዎቹ የኮራንት ቁጥርን (ውሃው በአንድ የጊዜ እርምጃ ስንት ሴል እንደሚያልፍ የሚለካውን) እስከ 1 ይፈቅዳሉ፤ ለተሰበረ ግድብ ውሃ ያ ይበቃ ይሆናል፣ ለሚጓዝ ሞገድ ግን አይበቃም። እኔ ወደ 0.2 ዝቅ ሳደርገው የሞገዱ ከፍታ ወዲያው ተሻሻለ፤ የጊዜውንም አወራረድ ከኦይለር ዘዴ ወደ ክራንክ ኒኮልሰን ዘዴ ስቀይረው፣ የማደባለቂያ ቁጥሩን 0.9 ላይ አድርጌ፣ ይበልጥ ተሻሻለ። ሦስተኛው ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው የተርቡለንስ (የውሃ መታወክ) ሞዴሉ ነው። የማይሰበር ሞገድ ውስጥ ውሃው ሳይታወክም ቅርጹን እየለዋወጠ ስለሚፈስ ኬ ኦሜጋ የተባለው ሞዴል ይህን ለውጥ እንደ ተርቡለንስ ቆጥሮ የሌለ ቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) ያመርታል፤ ይህም ከጊዜ ጋር እያደገ ሄዶ ሞገዱን እንደ ማር ያደርገዋል። ላሚናር (ያለ ተርቡለንስ ሞዴል) አድርገው ያስኪዱት። አማካሪዬ «ያለ ተርቡለንስ ሞዴል የሚሠራ ሲሙሌሽን የልጅ ጨዋታ ነው» ብለውኝ ነበር፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ ነገር ላይ ተሳስተዋል።

በገንዳው ማብቂያ ላይ ሞገዱን የሚውጥ ዞን ቢያንስ የአንድ ሞገድ ርዝመት ይተዉ፤ አለዚያ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ውጤቱን ያበላሸዋል። ሐይቁ የባሕር ወለል ሳይሆን ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ የአየሩን እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1.2 ኪሎ ግራም ከማድረግ ይልቅ 1 ማድረግ ይቀርባል፤ ለውጡ ግን ከውሃው 1,000 አንጻር ኢምንት ስለሆነ በዚህ አይጨነቁ።

2. መድረኩ ለምን ይፈነጠራል? እኔ ለሦስት ሳምንት ያህል ጥፋቱ የጊዜ እርምጃው ነው ብዬ እያሳነስሁት፣ እያሳነስሁት ሄድሁ፤ ጭራሽ ባሰበት። መድረኩ ሲፋጠን አጠገቡ ያለውን ውሃ አብሮ ማፋጠን ግድ ይለዋል፤ ይህ ተጨማሪ ግዝፈት ለሰፊና ቀላል መድረክ ከራሱ ግዝፈት ይበልጣል። ፕሮግራሙ ደግሞ መጀመሪያ ኃይሉን ያሰላል፣ ቀጥሎ መድረኩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ እንደገና ኃይሉን ያሰላል፤ በዚህ መቀባበል መካከል እያንዳንዱ እርማት ካለፈው ይበልጥና አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች እየገፋ በስድስት ወይም በሰባት እርምጃ መድረኩን ወደ ሰማይ ይተኩሰዋል። መድኃኒቱ የፍጥንጥነቱን ማለዘቢያ (አዲስ ከተሰላው ፍጥንጥነት ምን ያህሉ እንደሚወሰድ የሚወስነውን ቁጥር) ዝቅ ማድረግና በአንድ የጊዜ እርምጃ ውስጥ ብዙ የውጭ ዙር (ይህንኑ መቀባበል ደጋግሞ) እንዲሠራ፣ ሜሹም (የሴሎቹ መረብ) በየዙሩ እንዲንቀሳቀስ ማዘዝ ነው። እኔ ማለዘቢያውን 0.9 ላይ ትቼው ስለነበር ነው የተሠቃየሁት፤ ወደ 0.4 አውርጄ 5 ዙር ስሰጠው እንደ በግ ገራልኝ። ማለዘቢያውን ብቻ አውርደው ዙሩን ካልጨመሩ ግን መድረኩ አይፈነጠርም እንጂ ከኃይሉ ኋላ እየዘገየ ሐሰተኛ እንቅስቃሴ ይሰጥዎታል።

3. በሁለት አቅጣጫ ብቻ (በርዝመትና በቁመት፣ በጎን አንድ ቀጭን ቁራጭ ይዘው) የሚሠሩ ከሆነ የመድረኩን ሙሉ ክብደት እንዳያስገቡ። የእኔ መድረክ በሞገዱ አቅጣጫ 2 ሜትር፣ በጎን 3 ሜትር ሆኖ 25 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰምጥ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም ነው፤ የገንዳዬ ውፍረት ግን 10 ሴንቲ ሜትር ስለነበር መግባት የነበረበት 50 ኪሎ ግራም ነው። 1,500 ሳስገባ መድረኩ እንደ ድንጋይ ሰመጠ፣ እኔም ግማሽ ቀን ፕሮግራሙን ስረግም ዋልሁ። የኢነርሺያ ሞመንቱም (መድረኩ መሽከርከርን የሚቋቋምበት መጠን) በዚያው ልክ ይካፈላል፤ ደግሞም የሚፈለገው በክብደት ማእከሉ ላይ የተሰላው እንጂ የሥዕል ፕሮግራሙ ከመነሻ ነጥቡ አስልቶ የሚያሳይዎት እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

አራተኛው ቁጥር ስለ ኮምፒውተር ሊሆን ነበር፤ ነገር ግን ይህን ሳስታውስ ምክር ሳይሆን ብሶት ነው የሚመጣብኝ። በተማርሁበት ተቋም ውስጥ 32 ኮር ያለው ሰርቨር ነበር። የደብዳቤ ብዛት አቅርቤ፣ ማኅተም አስደርጌ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈቀደልኝ። ሥራው 11ኛ ቀኑን ይዞ ሳለ አንድ ማለዳ ስገባ ቆሟል። የክፍሉን ኃላፊ ብጠይቃቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ማሽኑ እየጮኸ ስላስቸገረን አጠፋነው፤ የአንተ ውሃ ደግሞ ባልዲ ውስጥም ይሞከራል» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ውጤቱ በሲሙሌሽኑ ውስጥ ባለው ሰዓት (ኮምፒውተሩ ቀናት በሚፈጅበት) በየ20 ሰከንዱ ብቻ እንዲቀመጥ አዝዤ ስለነበር ከመጨረሻው ማስቀመጫ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ጠፋብኝ። ይኸኛው ጥፋት የራሴ ነው፤ መብራት በሚመላለስበት አገር ላይ በየአንድ ሰከንዱ ማስቀመጥና ከመጨረሻው ጊዜ እንዲቀጥል ማዘዝ ይገባኝ ነበር። ዲስኩ እንዳይሞላ የመጨረሻዎቹን ሦስት ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ትቼ ኮምቦልቻ ባለው ቤታችን በራሴ ላፕቶፕ በሁለት አቅጣጫ ብቻ ሠራሁት፤ ለዚህ ጥያቄ በቂ ሆኖ አገኘሁት።

የባልዲው ነገር ግን ስድብም ቢሆን ውስጡ እውነት ነበረው። ግቢያችን ካለው ሮቶ ውስጥ ግማሹን ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንሳፍፌ፣ በእጄ ተጭኜ ለቅቄ፣ ውጣ ውረዱን በስልክ ቀረጽሁት፤ ያንኑ ጀሪካን በሲሙሌሽን ደግሜ ሠርቼ ሁለቱን አስተያየሁ። እናቴ «ውሃው ሊጠጣ ነው እኮ!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ከተስማማልኝ በኋላ ትልቁንም መድረክ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። በራሱ ግዝፈት ብቻ ቢሰላ የውጣ ውረዱ ፔሬድ 1 ሰከንድ ነበር፤ ከውሃው ተጨማሪ ግዝፈት ጋር ግን ወደ 1.7 ሰከንድ ሆነ። ይህ ደግሞ ለሐይቁ ሞገድ 2 ሰከንድ እጅግ ቅርብ ነው፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ውዝዋዜው ይበረታል። እንግዲህ ያ አይናወጥም ብዬ የጻፍሁለት መድረክ ሞገዱ በትክክል ሲደርሰው ከመጀመሪያው ሥራዬ ውጤት በእጥፍ በላይ ይዘል ነበር፤ የቧንቧውም ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ግዴታ ሆነ። በሁለተኛው መከላከያ ይህን ሳቀርብ ማንም አልሳቀም።

ስለዚህ ወንድሜም ይሁኑ እኅቴ፣ አብሽር፤ በዚህ ሳምንት መድረኩን አይንኩት። ባዶውን ገንዳ ያስኪዱና በመግቢያው፣ በመሀሉና ከመዋጫው ዞን በፊት ያለውን የሞገድ ከፍታ በሦስት መለኪያ አንብበው ቁጥሮቹን እዚሁ ይለጥፉልን። መሀል ላይ ከ28 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የሴሉን ቁመትና የኮራንት ቁጥሩን አብረው ይጻፉ፤ ማታ ማታ መብራት ካለ እመለከተዋለሁ።