ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ሰፈር ወደ ቦሳ ቂጦ ሰፈር ዕቃ ለምታጓጉዢው እህት

እህቴ፣ ለአንድ ክፍል ዕቃ ሚኒባስ ይሻላል ወይስ አይሱዙ፣ ሹፌሩንስ እንዴት ላነጋግረው ብለሽ ጠይቀሻል። ጅማ ውስጥ 4 ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

አይሱዙ ይበዛብሻል። አልጋው ከተፈታ ፒክአፕ ይበቃል። ሚኒባስም ወንበሩ ከወጣ ጥሩ ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ግን ቁምሳጥንሽ እዚሁ የተሠራ የዋንዛ ከሆነ በበሩ ላይገባ ይችላልና አስቀድመሽ ለኪው።

ዋናው ነገር ግን ዋጋው ላይ ነው። "ከአጂፕ ቦሳ ቂጦ ስንት?" ብለሽ ብቻ እንዳትስማሚ! እኔ በ2ኛው ጊዜ በደላላ፣ በስልክ ብቻ ተስማምቼ ሐምሌ ላይ ጉድ ሆኛለሁ። ሹፌሩ ጭቃውን ሲያይ አስፋልቱ ዳር አቆመና "የተነጋገርነው እስከዚህ ነው" አለኝ። ዝናቡ ጀመረ፣ ሸራ የለውም፣ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መጥተው የመኪናውን ኪራይ ያህል ጠየቁኝ፣ ምን አማራጭ አለኝ፣ ከፈልኩ። ፍራሹ ሳምንት ሙሉ አልደረቀም።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ዕቃውንም የሁለቱንም ቤት መግቢያ ሳያይ አልስማማም። መምጣት ካልቻለ ፎቶ እልክለታለሁ። ስንት ምልልስ፣ እስከ በር ይገባል ወይ፣ ረዳቱ ይሸከማል ወይ፣ ሸራና ገመድ አለው ወይ፣ ይህን ሁሉ ጨርሰሽ ቁርጥ ዋጋ አስነግሪው። ቀብድ ትንሽ ስጪ፣ ቀሪውን ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ። ታርጋውንም ያዢ።

የመጨረሻው ሹፌሬ ከዋዜማው መጥቶ በሩን አየና "ከሰዓት ይዘንባል፣ ጠዋት 1 ሰዓት እንጫን" አለኝ። ፍራሹን ከታች አነጠፈ፣ ፍሪጁን አቁሞ ከጋቢናው ጀርባ በገመድ አሰረ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ትንሽ ጨምሮ ቢያስከፍልም ያዋጣል። ፍሪጅሽ ተጋድሞ ከሄደ ግን ወዲያው እንዳትሰኪው፣ ጥቂት ሰዓት ቆሞ ይረፍ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለማንም አትስጪ፣ ጋቢና ውስጥ ራስሽ እግርሽ ላይ ያዢው። የኔ የተሰነጠቀው ከሶፋ ስር ገብቶ ነው።

ቁምሳጥኑን ለክተሽ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የዚህን ሹፌር ስልክ እሰጥሻለሁ።