የደቦና የወንፈል ውለታ በምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼን ይዤ በአንድ በሬ ቀርቻለሁ። ክረምት ላይ ጎረቤቶች በደቦ አርሰው ዘሩልኝ፤ ሦስት ሰዎች ደግሞ ጤፌን በወንፈል አረሙልኝ። አሁን አጨዳ ደርሷል፤ ውለታው ከብዶኛል። ገንዘብ ልክፈላቸው? (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ እህታችን፣ ገንዘቡን ይተዉት። ለደቦ የመጣ ሰው ብር ከተሰጠው የቀን ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠሩት ወይ ዋጋ ይጠይቃል፣ ወይ ይቀራል። ሁለቱ ዕዳዎች ደግሞ አንድ አይደሉም።

ደቦ የቀን ሒሳብ የለበትም። በዕለቱ ካበሉና ካጠጡ የቀረብዎት እነሱ ሲጠሩ መገኘት ነው። እንጀራ መጋገርም ውሃ መቅዳትም ሥራ ነው፤ ብቻ በጠዋት ይድረሱ። ለውቂያ እርስዎም ደቦ ከጠሩ ጠላው እስኪደርስ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ቀድመው ይጠንስሱ። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነውና ሽሮና ምስር ይበቃል፤ ለሥጋና ለቅቤ ብለው አይበደሩ።

ወንፈል ግን ሰው በሰው፣ ቀን በቀን ነው። ሦስቱ አንድ አንድ ቀን ካረሙልዎ ሦስት ቀን አለብዎት። ጠብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር ነው። አንዱ በትልቅ ሰው ፈንታ ጉልበቱ ያልጠና ልጅ መላክ ነው፤ ልጅ ከላኩ የእሱ ሁለት ቀን በአንድ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። ሌላው መዘግየት ነው። የደረሰ ጤፍ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ሰው የሚፈለገው በዚያው ሰሞን ነው። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ «ልመልስ» ማለት ለባለማሳው ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ዛሬውኑ ከሦስቱ ጋር ተቀምጠው፣ ማሳው ቀድሞ የደረሰውን አስቀድማችሁ ተራ አውጡ። እንደ 12፣ 21፣ 27 እና 29 ያሉ ሥራ የማይያዝባቸውን በዓላት ቀንሱ፤ የሚቀረው ቀን ጥቂት ነው። ማጨዱ ቢያቅትዎ ነዶ መሰብሰብና መከመርም ይቆጠራል፤ ግን ባለማሳው አስቀድሞ ይስማማ።

ለሚቀጥለው ክረምት በሬዎን ይዘው እንደ እርስዎ ባለ አንድ በሬ ከሆነ ሰው ጋር መቀናጆ ይግቡ፤ ሁለቱን በሬዎች አጣምዳችሁ በተራ ታርሱበታላችሁ ማለት ነው። አራሹ እሱ ስለሆነ ጥማዱ ለእሱ ሁለት ቀን፣ ለእርስዎ አንድ ቀን ቢውል አይበዛም። በሥራ ቀን መኖውን ማን እንደሚያቀርብ፣ በሬው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም ከመጀመሪያው እርሻ በፊት ሽማግሌ ባለበት ይነጋገሩ።