ከመዝገቡ የቀረው ታሪክ

ጥያቄ፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። ከሥራዋ የተባረረችና የቤት ኪራይ የተጠራቀመባት አንዲት እናት ወደ እኔ ተልካለች፤ በመዝገቧ ላይ ግን «ድባቴ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልሰፈረም። ከዚያ በላይ ብጠይቅ ከድፍረት ይቆጠርብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይቆጠርብዎትም፤ እንዲያውም የሙያዎ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችን «ድራፔቶማኒያ» የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አድርጎ መጻፉን ስናስታውስ፣ የበሽታ ስም የሥልጣን መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን። ይህ ማለት ግን የእናቲቱ ሕመም ሐሰት ነው፣ መድኃኒቷንም ታቋርጥ ማለት አይደለም፤ ይህን አደራ እላለሁ። እንቅልፍ የነሣት ምን እንደሆነ በራሷ አንደበት ትንገርዎ፤ ውዝፍ ኪራዩንና የተባረረችበትን ምክንያት ከሕመሟ ምልክቶች ጎን ይጻፉ፤ የጻፉትንም አንብበውላት እርሷው ታርመው።